የጎደለችው የቫልቭ ስባሪ

ሾፌሩ ወንድሙ "መኪናዬን ገደልኳት" እያለ ነበር ለሰው ሁሉ የሚያወራው። ሽንኩርት ሊጭን ከወልድያ ወደ ግራና ከተማ ባዶዋን እየነዳት ሲወርድ፣ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በቁልቁለቱ ለቀቃት። ፍጥነቷ ሲያስደነግጠው ማርሹን ልመልስ አለና በአምስተኛው ፋንታ ሁለተኛው ውስጥ ከተተው። ሞተሩ እሪ አለ። ወዲያው ጠጠር የገባበት ጣሳ ሲናጥ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ደንግጦ ያኔውኑ አጠፋው።

መኪናዋ የአባቱ በሬዎችና ቤት ተሸጠው የተገዛች ናት። ሞተሯ ካልዳነ ወንድሙ ተመልሶ የሰው መኪና ቅጥር ሾፌር መሆኑ ነው።

አስጎትቶ መርሳ ከተማ፣ መካኒኩ አያ አብዱልጀሊል ዘንድ አገባት። ጋራዣቸው ሁለት የማንጎ ዛፍና አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነው። አያ አብዱልጀሊል በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው ከባድ መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ሞተሩን ከፈቱት። አንዱ የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭቶ ጭንቅላቱ ተሰባብሯል። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ወልድያ ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ መጣ፤ ፒስተኑና ቫልቮቹም በአዲስ ተተኩ። ሁሉም ተዘጋጀ። አያ ግን ሞተሩን አልዘጋም አሉ።

ልማዳቸው ነው። የሚስታቸውን የእትየ አሚናን አሮጌ ሰፌድ አምጥተው፣ የተሰበረውን ቫልቭ እንደ ተሰበረ ሳህን ስባሪ በስባሪ ይገጥሙታል። ሙሉ ካልሆነ አይዘጉም። አሁን አንዲት ስባሪ ጎደለች፤ የስንዴ ፍሬ ታህል።

"አያ፣ ይችን ለምታህል ብረት ነው እንዲህ የሚጨነቁት?"

"ትልቁማ ይታያል። እኔን የምታስፈራኝ ትንሿ ናት።"

"ሽንኩርት ጫኞቹ ሌላ መኪና ከለመዱ እኮ አለቀልኝ!"

እትየ አሚና ከዳሱ በር ሳቁ። "ምነው ወንድሙ፣ ሙሽራ የምትወስድ ነው የምትመስል! አትሸሽህም፣ እግር የላት!"

አያ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሊሰግዱ ሄዱ። ወንድሙ ግራ ቀኙን አየ። ከመሬት አንዲት የብረት ቅንጣት አነሳ፣ በድንጋይ ፈተግ ፈተግ አድርጎ ሰፌዱ ላይ ጣላት።

"አያ፣ አገኘኋት! ከዘይቱ ዕቃ ስር ነበረች!" አለ ሲመለሱ።

አያ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ከምሰሶው አውርደው በሰፌዱ ላይ ዝቅ አድርገው አዞሩት። ስባሪዎቹ እንደተኙ ቀሩ። አንዲት ብቻ ዘላ ማግኔቱ ላይ ጧ አለች።



"የጭስ ማስወጫ ቫልቭ እሳት እንዲችል የተሠራ ነው። የዚህን መኪና ቫልቭ ማግኔት አይዘውም" አሉ አያ። "ማግኔት ቢይዘውማ ይሄን ጊዜ መች ስንፈልግ እንከርም ነበር? ይች የዘለለችው እንግዳ ናት።"

"የአህያ ጋሪ ሚስማር ናት እንጂ!" አሉ እትየ አሚና።

ወንድሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አያ ግን አልተቆጡትም። ቅንጣቷን እጁ ላይ አኖሩለትና ለሞተሩ አየር ወደሚነፋው ዕቃ፣ ወደ ቱርቦው፣ ሄዱ።

"እሱማ ሰላም ነው፤ በጣቴ ሳዞረው ይዞራል" አለ ወንድሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጭሱ በወጣበት ወጥታ ይሆናል።"

የሞተሩ ጭስ ነው ቱርቦውን የሚያሽከረክረው። አያ ፈቱትና እንደ ቀንድ አውጣ ቤት በተጠማዘዘው ጉሮሮው ትንሿን ጣታቸውን አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቲቱ ቀስ ብላ ዞረች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ጫፏ ላይ ጥቁር ቅንጣት ነበረች።

ማግኔቱን አስጠጉባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ሰፌዱ ላይ ክፍተቷ ውስጥ ሲያስቀምጧት እንደ ጥርስ ገጠመች። ቫልቩ ሙሉ ክብ ሆነ።

ሞተሩ ተዘግቶ ቢነሳ ኖሮ ጭሱ ያችን ስባሪ በሚሽከረከረው ክንፍ ላይ ይወረውራት ነበር። ቱርቦው ሲደቅ፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ገብቶ ሲያበላሸው ለወንድሙ ታየው። በገዛ እጁ ሁለተኛ ሊገድላት ነበር።

"ወዲያው ስላጠፋኸው ነው ክንፉን ያልነካችው" አሉ አያ። "መደንገጥህ በጀህ።"

ገጠሙ። የየቫልቩን ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት እየለኩ አስተካከሉ።

"በል ቢስሚላህ በልና አስነሳ።"

"አያ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።"

"እንግዲያ በሥላሴ ስም በል! ብቻ ነዳጅ እንዳትረግጥ!"

አስነሳት። አያ የረጅም እንጨት አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን በጥርሳቸው ይዘው አዳመጡ። ብዙ ቆዩ። ወንድሙ መሪውን ይዞ ፊታቸውን ብቻ ያያል። ከዚያ እንጨቱን አወጡ።

"አልሐምዱሊላህ። ትተነፍሳለች።"

ወንድሙ ወርዶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀሩት።

ወደ ግራና ሲሄድ፣ ትንሽ ቁልቁለት ላይ እንኳ ማርሽ አላወጣም። ከኋላው ሚኒባስ ጥሩምባውን አስጮኸበት። ሾፌሩ ሲቀድመው አንገቱን አውጥቶ "ቀብር ነው እንዴ የምትሄደው?" አለው።

"ከቀብር መመለሴ ነው!" አለ ወንድሙ፤ የቱርቦውን ፉጨት እያዳመጠ።