ጥቅል ፊልም ይዤ ወደ ጨፋ ሮቢት

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደሴ መናኸሪያ

ካሜራዬን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌዋለሁ። ፎቶውን እዚያው የሚተፋ አሮጌ ካሜራ ነበር። ወረቀቱ ከገበያ ሲጠፋ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጀርባውን ቆርጦ የሌላ ካሜራ ጀርባ ገጠመለት፤ አሁን ጥቅል ፊልም ይጎርሳል። ስንጥቁን በጥቁር ፕላስተር ዘጋግቶ፣ “ብርሃን ከገባ አለቀልህ” ብሎኛል። ያገኘሁት ፊልም አንድ ብቻ ስለሆነ አልሞከርኩትም። የከሚሴው ጓደኛዬ ሁሴን ደግሞ፣ “አባዬ ደክመዋል፤ አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም፣ ድረስልኝ” ብሎ ደውሏል። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም።

ረፋድ፤ ከሚሴ

ኮምቦልቻን ካለፍን ጀምሮ ሙቀቱ በረታ። ፕላስተሩ ይለቅ ይሆን እያልኩ በጣቴ ስዳብሰው መጣሁ። ሁሴን ባጃጅ ይዞ ይጠብቀኛል።

“አካም ጅርታ? ደህና ነህ? አብሽር፣ አባዬ በሕይወት አሉ። ትናንት ወተት ቀመሱ። ካሜራው ይሠራል?”

“ኢንሻአላህ” አልኩ።

ቀትር፤ ጨፋ ሮቢት

የሁሴን አባት አያ ሰይድ ጥላ ስር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አስተካክለው “ቢስሚላህ” አሉ። ፎቶ አነሳኋቸው። ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። በጎረቤት ሠርግ ይኸው ካሜራ ፎቶ ሲተፋ አይተዋል፤ እዚህ ሰፈር ፎቶ ማለት ተነስተው እዚያው የሚቀበሉት ነገር ነው።

“የታለ?”

“አባ፣ ዘንድሮ በሆዱ ነው የሚይዘው። ደሴ ሄዶ ይታጠባል” አለ ሁሴን።

“እኔስ እስከዚያ?” አሉ እኔን እያዩ።

ካሜራውን በጋቢዬ ጠቀለልኩ።

አመሻሽ፤ ኬላ

ፈታሹ ፕላስተሩን አይቶ ጠረጠረኝ። “ክፈተው” አለ። “ፊልም አለበት” ብዬ ብነግረው፣ “እኮ ክፈተው!” አለ።

ጥቅል ፊልም ጀርባው ወረቀት ነው፤ እስከ ጫፉ ከተጠቀለለ ብርሃን አይደፍረውም። ያልተነሳውን ሁሉ ትቼ እስከ መጨረሻው አጠነጠንኩና ጋቢዬን አጥልቼ ከፈትኩለት። “እለፍ” አለኝ። ጠብቆ መጠቅለሉን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። መልሼ ጠቅልዬው ደሴ ገባሁ።

ሐሙስ፤ ጨፋ ሮቢት እንደገና

ፎቶው ወጥቷል። ብርሃን ጠርዙን ነጭ አድርጎታል፣ ፊታቸው ግን ጥርት ብሏል። ከባጃጅ ስወርድ ደጃቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁና፣ ዘገየሁ አልኩ በልቤ።

“አሉ፣ አሉ” አለ ሁሴን ሮጦ መጥቶ፤ “ጠያቂ ነው።”

አያ ሰይድ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱ። ነጩ ጠርዝ ቅር አሰኝቷቸው ይሆናል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣

“አባቴን ከየት አገኘኸው?” አሉኝ። “መልኩ ከጠፋኝ ስንት ዘመኑ።”