ለእናቴ የተረፈው ቦታ

ታናሽ እህቴ ለሥራ ወደ ቤሩት ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት እናቴ ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጇ ጋር ሁለቱን ብቻ ፎቶ እንዳነሳቸው። እንዲህ ያለ ፎቶ በቤታችን አልነበረም። ጊዜው ዘጠናዎቹ ነው፤ ዲጂታል ካሜራ ገና ብርቅ ነበር። አጎቴ ለንግድ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ አንድ አምጥቶልናል፤ ፎቶ የሚያጠራቅምበት ካርድ ግን አልነበረውም። ነጋዴ ሆኖ ጎደሎ ዕቃ መግዛቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ካርድ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት መገናኛ ነው። መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ባትሪና ቻርጀር የዘረጋ ሻጭ አንዱን አንስቶ ሰጠኝ።

«ይሄ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ይይዝልሻል፣ እህቴ።»

«ቢበላሽስ?»

«እኔን እዚሁ ታገኚኛለሽ።»

እሱን ማግኘቱ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ፎቶውን ነው። ትቼው ወደ ቦሌ መንገድ ወረድኩ። እዚያ ያለው ባለሱቅ ያሳየኝ ካርድ የመገናኛውን እሩብ እንኳ አይይዝም። ግን ካሜራ ውስጥ ከትቶ፣ እኔኑ አንስቶ፣ የተኮሳተረ ፊቴን አሳየኝ። «የያዘውን አይለቅም» አለ። እኔ ደግሞ ብዙ ከሚያወራ ጥቂት የሚሠራ ይሻለኛል፤ በሰውም በዕቃም። ትንሹን ገዛሁ። ለቤተሰቡ ይበቃ ነበር፣ ቤተሰቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ።

በመሄጃዋ ቀን ከጎሮ በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞላ። ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው፣ የክርስትና እናቷ፣ ሁሉም ሊሸኝ ቦሌ ኤርፖርት ወረደ። ሸኚ በሩን ስለማያልፍ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ፎቶ ጀመርን። የእኛ ሰው ደግሞ በቡድን ተነስቶ አይበቃውም። ከቡድኑ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው ከመንገደኛዋ ጋር ይነሳል፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገሚኝ ይላል።

«እማ፣ ነይ ቁሚ» አልኳት እናቴን።

«እንግዳ ይቅደም። እኛ የቤት ሰዎች ነን፣ እንደርሳለን።»

ደግሜ ጠራኋት፤ እሷም ደግማ ሌላ ሰው ገፋችልኝ። እንግዳ ሳይጎርስ የማትጎርስ ሴት ናት፤ ፎቶውንም እንደ ምሳ ቆጠረችው። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እህቴን አቅፋ ስትቆም ካሜራው እምቢ አለ። «ካርዱ ሞልቷል» አልኩ።

ይህን የሰሙ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ጠጋ አሉና «የእኔን አንዱን ሰርዢው፣ ልጄ፤ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልሰርዝ ስል እናቴ እህቴን እንዳቀፈች መጥታ እጄን ያዘችው።

«ተዪ! ልጄ እኮ አለችበት።»

በሁሉም ፎቶ ላይ እህቴ ነበረችበት። እናቴ መንገደኛ ከወጣ በኋላ በሰላም መድረሱ እስኪሰማ ድረስ ቤት አታስጠርግም። ልጇን ገና ሳትሳፈር ከፎቶ ላይ መሰረዝ ለእሷ ከዚያ የባሰ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ፎቶ የለሽም!» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። እሷ ግን የእህቴን ትከሻ አልለቀቀችም።

ካሜራውን የቀማችኝ እህቴ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ስትነካካው ሰንብታ ነበርና የፎቶውን መጠን ወደ መጨረሻው ትንሽ ቀየረችው። «በዚህ መጠን ለአንድ ቦታ አለ» ብላ ካሜራውን መለሰችልኝ። አነሳኋቸው። ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

ካርዱ ባለሱቁ እንዳለው የያዘውን አልለቀቀም። ፎቶ ቤት ስወስደው ጎረቤቱ ሁሉ አምሮበት፣ ጎላ ጎላ ብሎ ታተመ። የእናቴና የእህቴ ግን የክብሪት ቀፎ ያህል ሆና ወጣች። «ከዚህ ባሳድጋት ፊታቸው ይፈርሳል» አለኝ አጣቢው። እናቴ ግን ተቀበለችኝ። ትልቅ ፍሬም አስገዛችኝና መሀሉ ላይ አስለጥፋ ሳሎን ሰቀለቻት።

እህቴ ከሄደች በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከሥራ ስገባ እናቴን ፍሬሙ ሥር ቆማ አገኘኋት። አሳዘነችኝ።

«ያንን ትልቁን ካርድ ገዝቼው ቢሆን ከወንበርሽ ሆነሽ ታዪያት ነበር» አልኳት።

«ለልጄ መጠጋት መች ከበደኝ?» አለች፤ ዘወር እንኳ አላለችም። ከዚያ ትንፋሿ ያደበዘዘውን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።