ያልመለስኩት ሰላምታ

በተሰደድኩበት አገር፣ ትሮስተሩድ ባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊሶች ያዙኝ። ትኬት ነበረኝ፤ ያልነበረኝ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እጄን በካቴና ሲያስሩኝ የጎመን ከረጢቴ መድረኩ ላይ ቀረ። ያ ጎመን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያሰሩኝ ክፍል ነጭ ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፣ የፍራሹ ፕላስቲክ በተገላበጡ ቁጥር ይንጫጫል። የማጽጃው ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። አገር ቤት የታሰርኩበት ክፍል ቁንጫ ነበረው፤ እዚህ ቁንጫም የለ። ይህን ሳወራ "ታዲያ ይሄ እስር ቤት ይባላል?" የሚሉኝ አሉ። ገብተው ይሞክሩት።

ከእኔ ቀድመው የገቡ አንድ ያገሬ ሰው አገኘሁ። ጴንጤ ናቸው፤ አረጋውያን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የኖሩ ሰው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ አልኳቸው።

"አፌ ነው የሸጠኝ" አሉኝ።

የሁለታችንም የጥገኝነት ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። ሊመልሱን ግን የማን ልጆች፣ ከየት እንደሆንን ማወቅ ነበረባቸው፤ ለዚህም ያገር ቤቱ መንግሥት የላከውን ሰውዬ እያመጡ ያገናኙናል። ጋሼ አንዲት ቃል አልተነፍስም ብለው ገብተው ነበር። ሰውዬው ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

"'እንደምን አደሩ አባቴ' ሲለኝ ምን ልበል? ጌታ ይመስገን አልኩ። 'ቤተሰብ ደህና?' አለኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። 'አዝመራው እናንተ ዘንድ እንዴት ከረመ?' ሲለኝ የመንደሬን ስም ጠራሁለት።"

ደሜ ፈላ። በዱላ ቢመጣ ዱላውን አውቀዋለሁ። ይሄ ግን እናት አባቶቻችን ያስተማሩንን ሰላምታ ወጥመድ አድርጎ ነው የመጣው።

እኔ ለፖሊሶቹ የሰጠሁት ስም የራሴ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት ነበር፤ የማን ልጅ መሆኔ ከታወቀ የሚለቅሙት እሱን ነው። ስለዚህ ሰውዬው ፊት አማርኛ ከአፌ መውጣት የለበትም።

"ሰላም እየተባልክ ዝም ማለት ትችላለህ?" አሉኝ ጋሼ። "እስቲ። እንደምን ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ ሳላስበው።

"በቃ፣ ሞተሃል።"

አፌ ሌላ ሥራ ያስፈልገው ነበር። እንደኔ ያለውን ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ያገሩን ቋንቋ ስለማያስተምረው፣ ከመታሰሬ በፊት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አንዲት እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ታስተምረን ነበር። ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ስለምትሠራ እኛንም እንደ ሕፃናቱ ቃል እያስቆረሰች፣ ለየቁራሹ ታስጨበጭበናለች። ያን ሰሞን ልጆቹ ስለ ባሕር ይማሩ ስለነበር እኛም ባሕር ገባን። ሾ ባሕር ነው። ሰው ስትቀጥልበት ሾማን፣ መርከበኛ፤ ሁለት ጭብጨባ። ኮከብ ስትቀጥልበት ሾስትየርነ፣ የባሕር ኮከብ፤ ሦስት። ሃቭ ሰፊው ባሕር ሲሆን ሃቭቡን ወለሉ ነው። "ናይ፣ ናይ፣ አይደለም! የቃሉ መጀመሪያ ላይ በርቱ እንጂ" ትለን ነበር፤ "ቀሪው ይከተላል።"

ቀኑን ሙሉ ጋሼ ሰላም ይሉኛል፣ እኔ እያጨበጨብኩ ባሕር እጠራለሁ። ጠባቂው በበሩ መስኮት አየንና መዝሙር መስሎት ሄደ።

ሲጠሩኝ ሰውዬው እንደተባለው ብድግ አለ። ደግ ፊት ነበረው፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

"እንደምን አደርክ ወንድሜ?"

"ሾማን" አልኩና ሁለቴ አጨበጨብኩ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ፖሊስ ቀና አለች።

"ቤተሰብ ደህና?"

"ሃቭቡን።"

"አይዞህ፣ የናትህ ልጅ በለኝ።"

"ሾስትየርነ።" ሦስት።

የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታውም ተሰበሰበ። በመጨረሻ "አብዷል" ብሎ በእንግሊዝኛ ነገራት። በሩ ጋ ስደርስ ግን ከኋላዬ ለስለስ ብሎ "እናትህን ሰላም ልበልልህ?" አለኝ።

እናቴ ሞታለች። "ነፍሷን ይማር" ምላሴ ጫፍ ደረሰ። የገዛ እናቴን "ነፍሷን ይማር" ነፈግኳት። ዋጥኩትና አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ጋሼን ወደ አገር ቤት ሊመልሷቸው ወሰዷቸው። ኮሪደሩ በፖሊስ ተሞልቶ ነበር። ሲወጡ ዞር ብለው አዩኝ፤ ደህና ሁን ቢሉኝ ፖሊሶቹ ፊት በአማርኛ ማስመለሳቸው ነው። በካቴና የታሰሩ እጆቻቸውን አንስተው ሁለቴ አጨበጨቡልኝ። እኔም መለስኩላቸው።

ወንድሜ ተርፏል። እኔም ከስንት ምልልስ በኋላ ፈቃድ አገኘሁ። ጋሼ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ጠይቄ ጠይቄ አጣኋቸው።

ዛሬም ግሮንላንድ የሚባለው ሰፈር በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ "እንደምን ነህ? ቤተሰብ ደህና?" ይለኛል። መጀመሪያ እጁን አያለሁ፣ ከዚያ ዓይኑን፤ ከዚያ ነው "እግዚአብሔር ይመስገን" የምለው። ኩራተኛ እመስለዋለሁ መሰለኝ። ነጩን ክፍልም፣ ካቴናውንም ይቅር ብያለሁ። ይህቺን መዘግየት ግን ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።