በሞቴ ጉረሺልኝ

ሸዋዬ ስትከሳ የሸዋ ሮቢት ገበያ አፉን ከፈተ። ድሮ ሞላ ያለች፣ ስትራመድ መሬቱ የሚያውቃት ሴት ነበረች። ሰው የሚሰጣት ሰላምታ ራሱ «ተመችቶሻል!» ነበር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ ሽንኩርት ስሸጥ ስንት ዘመኔ! ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ስሙ እንጂ ከወሬኛ አትስሙ።

መጀመሪያ ቀኝ ጎኗን ከበዳት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ «ጉበትሽ ላይ ስብ ተከማችቷል። ክብደት ካልቀነስሽ ጉበትሽ ይጎዳል፤ ኋላ መመለሻ የለውም» አላት። እሷ ስብ ሲባል የበሬ ስብ መሰላት። ሁዳዴ ሊገባ ስለነበር «እግዜር አዘነልኝ፣ በጾሙ ይጠራልኛል» ብላ ተመለሰች። በእውነትም ሥጋና ቅቤ አልነካችም። ግን በዚያ ሙቀት ለስላሳውን ትገለብጣለች፤ ሽሮዋ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ፓስቲ ከእጇ አይጠፋም። ከፋሲካ በኋላ ስትታይ ብሶባት ተገኘ። «ጾሜ ነበር እኮ!» ብላ አለቀሰች። ስቡ ከስኳርም ከዘይትም እንደሚመጣ ያን ቀን ነው የገባት።

ከዚያ ወዲያ ጠመመች። ለስላሳ ቀረ፤ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ፤ እንጀራው ተገመሰ፤ የማሾ ወጡ ያለ ዘይት ተሠራ። ባጃጁንም ትታ ከገበያ በእግሯ ትመለስ ጀመር። ቀሚሷ ሰፋ፣ ጎኗ ቀለላት። ወሬው የተነሳው ያኔ ነው። «ያ በሽታ ነው» ተባለ። «ባሏስ በምን ሞተና!» ተባለ። ባሏን ከበደን የገደለው ጣርማ በር ላይ የተገለበጠ መኪና መሆኑን ቀብሩ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አሁን ሳስበው ራሱ ደሜ ይፈላል።

ለራሷ ብዙም ግድ አልነበራትም። ልጇ ሕይወት ግን ዘላለም ለሚባል መምህር ታጭታለች፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ቀርቶ ነበር። የልጁ እናት እትዬ ትርንጎ ቀኑን እንቁረጥ ብለው ምሳ ጠሩን። ወሬው እሳቸውም ጆሮ ደርሷል። አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን እንዴት እለቃታለሁ?

ገበታው ላይ ጥብሱ ይንጫጫል። ሸዋዬ ከዳር ከዳር ጎመን ትቆነጥራለች። እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። ቆይተው ጮማ በጮማ የሆነ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ ጉረሺልኝ።»

ነገሩ ጉርሻ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገብቶታል። ሕይወት ከንፈሯን ነክሳ እናቷን ታያለች። እኔም በጉልበቴ ጎሸም አደረግኳት፤ ዋጪውና እንገላገል! በአንድ ጉርሻ ማን ሞተ? ሸዋዬ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ዛሬ ብጎርስልዎ ነገ ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፤ ሁሉም በሞቴ ሊለኝ ነው። የእኔ ጉበት ራሱ ጮማ ሆኗል። የሚወራው በሽታ የለብኝም፤ የከሳሁት ልድን ብዬ ነው። የልጄን ልጅ ማዘል እፈልጋለሁ።»

የጉርሻው ቅባት በእትዬ ትርንጎ ክንድ ላይ ይወርዳል። በቃ፣ ሠርጉ ፈረሰ አልኩ በሆዴ። ስድቤን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«የቱ ጋ ነበር የሚያምሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እዚህ፣ ከጎድኔ ሥር።»

እትዬ ትርንጎ ግራ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ቀኝ ጎን ሰደዱ። እዚያው አቆዩት።

«እኔንም ሐኪሞቹ አምና ይህንኑ ብለውኛል። ቀንሺ ብለውኛል። ከከሳሁ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።»

ዘላለም ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እማዬ! ለምን አልነገርሽኝም?»

ጮማው አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ መመለሱ ነውር፣ መብላቱ ደግሞ አስፈራቸው። ሸዋዬ ጉርሻውን ተቀብላ ትሪው ጠርዝ ላይ አኖረችው። ከዚያ ጎመን ጠቅልላ ወደ አፋቸው አቀረበች።

«በሞቴ» አለች።

እትዬ ትርንጎ እያለቀሱ ጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለተኛውን ስትጠቀልልላቸው፣ አፋቸው እንደሞላ «ለጥር እናድርገው» አሉ።