የበረኛው ቀኝ እጅ

ስቶክሆልም ውስጥ ሥራ የጀመርኩት በስልሳዎቹ ዓመታት፣ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ምድር ቤት ነው። ለትምህርት የመጣሁ ወጣት ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጉናር ቀለም በአየር የምትነፋውን የብረት ብዕር አስጨበጠኝና፣ «ትንፋሽህን ያዝ፣ እጅህን ልቀቅ» አለኝ። እኔ ተገላቢጦሹን አድርጌ የአንዱን ተጫዋች ጢም ሰማያዊ አደረግኩት።

የምንሠራው ልጆች ከማስቲካ ጋር የሚያገኙትን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ካርድ ነበር። ተጫዋች ክለብ ሲቀይር ሁልጊዜ አዲስ ፎቶ አይነሳም፤ በአሮጌው ፎቶ ላይ አዲሱን ማልያ የምናለብሰው እኛ ነን። ከምሳ በፊት ቢጫ የነበረው ሰውዬ ከምሳ በኋላ ቀይ ይሆናል! እንዴት ያለ ደስ የሚል ሥራ ነበር!

አንድ ክረምት የቤርቲል ፎቶ መጣ። ቤርቲል በረኛ ነው፤ ዕድሜውን ተቀያሪ ወንበር ላይ ጨርሶ ገና ክለብ መቀየሩ ነበር። ካርድ ሲወጣለት የመጀመሪያው ነው። ጋዜጣ አያነሳውም። እኔ ግን የሚለማመድበት ሜዳ ከተማሪዎች ቤታችን አጠገብ ስለነበር፣ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ በነፃ አየው ነበር። በረኛ በአንድ እጁ በትር ይይዛል፣ በሌላው ሰፊ መቅለቢያ ጓንት ያጠልቃል፤ ፑክ የሚሏትን ጥቁር ጎማ ከአየር ላይ ሲቀልባት ልቤ ይዘላል።

ማልያውን ቀብቼ ስጨርስ ጉናር በአጉሊ መነጽር አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጧል። መቅለቢያ ጓንቱ ቀኝ እጁ ላይ ነው። በረኛ የሚቀልበው በግራ ነው፤ ገልብጠው።»

የቤቱ ደንብ ይኸው ነበር። ፎቶው አለመገልበጡን የሚመሰክር ፊደልም ማልያው ላይ የለም፤ በቀለም የሸፈንኩት የድሮው አርማ ኮከብ ስለነበር ቢገለበጥም ያው ኮከብ ነው።

«ይሄ ሰውዬ በቀኝ ነው የሚቀልበው» አልኩት።

«በረዶ ያየኸው አምና ነው፤ ሆኪ ልታስተምረኝ ነው?»

«ከሥራ ስንወጣ አብረውኝ ይምጡና ይዩት። ነገ ከታተመ በኋላ ማን ያስተካክልለታል?»

ሳቀብኝ። ግን ከሥራ ስንወጣ ባርኔጣውን አንስቶ ተከተለኝ።

አጥሩ ጋ እንደደረስን አንድ አጥቂ ብቻውን እየበረረ መጣ። መቅለቢያ ጓንት አይኖርም ብሎ ባሰበው በኩል ከፍ አድርጎ መታት። ቤርቲል ቀኝ እጁን ወረወረ።

«ቀለባት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ጉናር አጥሩን በሁለት እጁ እየደበደበ፣ «ድገማት! እባክህ ድገማት!» ይላል፤ ያ ሁሉ ኩራቱ የት እንደገባ እንጃ።

ቤርቲል ማን እንደሚጮህ ሊያይ ተንሸራቶ መጣ። ጉናር ለምን እንደመጣን ነገረው።

«የእኔ ካርድ?» አለ በረኛው፤ «ልጄ የጓደኞቼን ሁሉ ሰብስባለች። አንተስ መቼ ነው የምትወጣው ትለኛለች።»

በማግስቱ ካርዱ ሳይገለበጥ ታተመ። ጉናር የመጀመሪያውን ቅጂ ራሱ ይዞለት ሄደ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሰውን ፎቶ ከማረማችሁ በፊት ሰውየው ሲሠራ ሄዳችሁ እዩት።