ቀስቷ የመለሰችልኝ

በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወረታ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጤና ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ልጄም እዚያው ትሠራ ነበር። ቢሮው ውስጥ የነበረችውን አንዲት ኮምፒውተር የምታውቃት እሷ ብቻ ናት። የፎገራ ገበሬዎች ከብት ውስጧ ተመዝግቧል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ትዕዛዝ ሲጻፍላት የተፈለገውን ዝርዝር ታወጣለች።

ልጄ ወደ አሰብ ተዛወረች። በምትሄድበት ቀን ጠዋትም ገብታ ሠራች፤ ሜዳው ውሃ ሳይተኛበት የከብት ከታቢዎቹ ዝርዝሩን ይዘው በማግሥቱ መውጣት ነበረባቸው። የይፋግን ዝርዝር አውጥታ የወረታው ሲቀራት የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ።

«እማዬ፣ አንቺ ጨርሽው።»

«እኔ? ነክቻትም አላውቅ!»

«ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ተጫኚ። ቅድም የጻፍኩት ይመለስልሻል። ይፋግ የሚለውን አጥፍተሽ ወረታ ጻፊበት። ብቻ ጄኔሬተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሳይጠፋ፤ ከጠፋ የጻፍኩትን ሁሉ ትረሳዋለች።»

ሸኘኋት። እኔ ሳለቅስ እሷ ሳቀች።

«ኧረ እማዬ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየሽ ነው!»

ሳቋ ወጋኝ። መለየቱ ያልከበዳት መሰለኝ።

ተመልሼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤ አማትቤ ቀስቷን ተጫንኩ። የመጨረሻ ትዕዛዟ መጣ። እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ዝርዝሩ ታተመ። ሥራው አልቋል። ግን በጣቶቿ የጻፈችውን ማየት አማረኝና ቀስቷን ደጋግሜ ተጫንኩ።

የተሳሳተ መስመር መጣ። ከሱ በፊትም ያው ትዕዛዝ፣ ሌላ ፊደል ተዘሎበት። ከሱም በፊት። አንዱን ትዕዛዝ አምስት ጊዜ ጽፋ አምስቱንም ጊዜ ስታለች። ልጄ ቁልፎቹን ሳታይ ነበር የምትጽፈው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስህተት አላውቅባትም። ያን ጠዋት ግን ጀርባዬን ሰጥቻት ደብዳቤ ስመታ ነበር። ጣቶቿ እንዴት እንደሆኑ አላየሁም።

ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ሰው በመስኮት ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ላጥፋው?»

«ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንድሜ።»

አምስቱን መስመሮች ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አየኋቸው። ለካ መለየቱ እሷንም ከብዷት ኖሯል፤ ስለ እነሱ አምላኬን አመሰገንኩ።

«አሁን አጥፋው፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩላት። የጽሕፈት መኪናው ፊቴ ነበር፤ እኔ ግን በእጄ ጻፍኩት። «ልጄ፣ ስትስቂ ተቀይሜሽ ነበር። ይቅር በዪኝ። አሁን ገብቶኛል።» ከዚያ በላይ የምጨምረው አላገኘሁም። ወደ ፖስታ ቤቱ ስሄድ የእሷ አውቶቡስ ገና ባሕር ዳርን እንኳ ያለፈ አይመስለኝም።