የመሪጌታ ታፈረ ዜሮ

ማስተዋል የጋይንቷ የንፋስ መውጫ ልጅ ናት። በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአንድ የጨረር ሕክምና ክፍል ትሠራ ነበር፤ ሕመምተኛውን ከማሽኑ ሥር የምታስተኛው እሷ ናት። አንድ ጧት የዚያው የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ታፈረ፣ ለአጥንት ካንሰራቸው ለአራተኛ ጊዜ ጨረር ሊወስዱ ገቡ። ካርዳቸውን አየችው። የሕመም መጠን፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በዜሮ ሞርፊን የሚያዝ ሐኪም የለም። ሰውዬው ግን አልጋው ላይ ሲወጡ ላብ አጠመቃቸው።

"የኔታ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ይኸው! ጠያቂ ሁሉ ምስጋናውን ሰምቶ ዜሮውን ጽፎ ሄዷል። የጋይንት ካህን ሲጠየቅ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? አገር የማያውቅ እስክሪብቶ!

"ዛሬ ከዳዊቱ ስንት ንጉሥ ደገሙ?"

"አምስት አደርስ ነበር። ሰሞኑን አንዱን ንጉሥ፣ አሥሩን መዝሙር እንኳ አልጨርስ። ወገቤን ይቆርጠኛል። ይኸንንም ትጽፊዋለሽ?"

"እጽፈዋለሁ እንጂ።"

"እንግዲያው ከምስጋናው ጋራ ጻፊው፤ ማማረር እንዳይመስልብኝ።"

ሁለቱንም ጻፈችና ካርዱን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሞርፊኑ ታዞ እስኪሰጣቸው ድረስ ማሽኑን አላስነሳችም።